እጃችሁ የት እንዳለ ማን ነገራችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ፊዚዮቴራፒስት ሆኖ የሚሠራ ልጅ፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት እያከምኩ ነው። ግራ እጃቸውን ስመረምረው ጉልበት አለው። ያንሱት ስላቸው ያነሱታል። ቤታቸው ግን ምንም አይሠሩበትም፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ነው የሚውሉት። ጉልበት ካለው ለምን አይጠቀሙበትም?»

ባጭሩ ልመልስለት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ጥያቄው ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። በመሀሉ ደግሞ አንድ በጣም ትልቅ ሳይንቲስት የደረሰበት የተሳሳተ መደምደሚያ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ኖሯል። እሱ ብቻ ከሚያነበው እናንተም አንብቡት ብዬ እዚህ አመጣሁት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቀኝ እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉና በሌባ ጣታችሁ የአፍንጫችሁን ጫፍ ንኩ። ነካችሁ አይደል? እጃችሁን አላያችሁትም። ድምፅ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። አፍንጫችሁ ጋ እስኪደርስ ድረስ ጣታችሁ ምንም ነገር አልነካም። ታዲያ የት እንደነበረ ማን ነገራችሁ? በልጅነታችን «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ብለን የሸመደድነው ዝርዝር ውስጥ መልሱ የለም። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስደርግ የሚስቅ ልጅ አይጠፋም ነበር። ሳቁ የሚቆመው ጥያቄው ሲገባው ነው።

ይህን የተሸሸገ ስሜት በደንብ ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1815 ከዋተርሉ ጦርነት በኋላ ወደ ብራስልስ ሄዶ ቁስለኞችን ያከመ፣ የቁስለኞቹንም ሥዕል በገዛ እጁ የሣለ ሰው ነው። በዘመኑ አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ነርቮች ከህብለ ሰረሰር ሲነሱ በሁለት ስር ነው የሚነሱት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሥራቸው ምንድነው? ቤል በ1811 የፊተኛው ከእንቅስቃሴ ጋር እንደሚያያዝ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማጀንዲ ደግሞ በ1822 ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየ፦ የፊተኛው ስር ትዕዛዝ ይዞ ይወጣል፣ የኋለኛው ስሜት ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሰዎች «እኔ ነኝ የቀደምኩ» እየተባባሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጨቃጨቁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማጀንዲ ይበልጣል፤ ቤል ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ግን ይህን የፊትና የኋላ ነገር ያዙልኝ፣ ታሪኩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

ቤል በእርግጥ የበለጠበት ቦታ ሌላ ነው። በ1826 ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ጡንቻ ትዕዛዝ ተቀባይ ብቻ አይደለም አለ። አንጎል በአንዱ ነርቭ ያዛል፤ ጡንቻው ደግሞ ያለበትን ሁኔታ በሌላ ነርቭ መልሶ ያሳውቃል። በሁለቱ መካከል ክብ አለ። ስድስተኛ ስሜት አለን ማለቱ ነው። እኛ «ስድስተኛው ስሜቴ ነገረኝ» የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ የቤል ስድስተኛ ስሜት ሥጋ ውስጥ ያለ፣ በቢላ ሊቆረጥ የሚችል ነገር ነው።

በ1833 ስለ ሰው እጅ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ አንዲት የምታጠባ እናት አለች። በሽታ በድንገት መታት። በአንደኛው የሰውነቷ ጎን ጉልበቷን አጣች፣ በሌላኛው ጎን ስሜቷን አጣች። እንግዲህ ልጇን የምታቅፍበት አንድ እጅ ቀራት፤ ጉልበት ያለው፣ ግን ምንም የማይሰማው። ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ ሐሳቧን እሱ ላይ እስካደረገች ድረስ እጇ ጸንቶ ያቅፋል። አጠገቧ የሆነ ነገር ሐሳቧን ሲሰርቀው ግን ክንዷ ቀስ እያለ ይላላል፣ ልጁም ሊወድቅ ይደርሳል። እሷ አይታወቃትም።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት ለተማሪ ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ግን ከሐዘኑ ባሻገር አንድ የሳይንስ ነገር አለበት። ያ ስሜት አልባ እጅ ይሠራ ነበር። ችግሩ የሚሠራው ሲታይ ብቻ መሆኑ ነው።

በ1840ዎቹ በርሊን ውስጥ ሞሪትዝ ሮምበርግ የሚባል ሐኪም ተመሳሳይ ነገር እግር ላይ አየ። ቂጥኝ የህብለ ሰረሰራቸውን የኋላ ክፍል የበላባቸው ሕመምተኞች እግራቸውን ገጥመው ሲቆሙ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ይንገዳገዳሉ። ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ውኃውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ መውደቅ የሚጀምሩ ነበሩ። ሆስፒታል የምትሠሩ ልጆቼ እስከ ዛሬ «እግርዎን ይግጠሙ፣ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ» የምትሉት የእሱን ምርመራ ነው።

ስሙ የወጣለት ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቻርልተን ባስቲያን በ1880 «ኪነስቴዥያ» አለው፣ የእንቅስቃሴ ስሜት ለማለት። ዛሬ መማሪያ መጽሐፍ ላይ የምታዩትን «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» የሚለውን ግን በ1906 ያወጣው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። ፕሮፕሪየስ በላቲን «የራስ» ማለት ነው። ራስን በራስ መሰማት፣ ማለት ነው።

ሼሪንግተን ማን እንደሆነ ለማታውቁት፦ ስለ ነርቭ ሥርዓት ዛሬ የምናስተምረው ግማሹ የእሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። በ1932 ኖቤል ወስዷል። በ1894 ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ነርቭ መርምሮ፣ ክሮቹ ሁሉ ትዕዛዝ አድራሽ እንዳልሆኑ አሳየ፤ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ከጡንቻው ዜና ይዘው የሚመለሱ ናቸው። ዜናውን የሚያነሱት ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ያሉ ረጃጅም፣ መሀላቸው ወፈር፣ ጫፋቸው ቀጠን ያለ ጥቃቅን አካላት ናቸው። ፈረንጆቹ ስማቸውን ከመፍተያ መሣሪያ ወሰዱት፤ በእኛ ቋንቋ እንዝርት ነው። እናቶቻችሁ ጥጥ ሲፈትሉ ላያችሁ ቅርጹን ማስረዳት አያስፈልግም። ጡንቻው ሲለጠጥ እንዝርቱ አብሮ ይለጠጣል፣ «ይህን ያህል ረዘምኩ፣ በዚህ ፍጥነት» ብሎ ይልካል። አንጎል ከዚያ ተነስቶ ክርን ምን ያህል እንደታጠፈ ያውቃል።

አሁን ወደ ስህተቱ።

በ1895 ሼሪንግተንና ፍሬድሪክ ሞት የሚባል ሐኪም በጦጣዎች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። ከአንድ ክንድ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚገቡትን የኋላ ስሮች በሙሉ ቆረጡ። የፊተኞቹን አልነኩም። እንግዲህ ትዕዛዝ መውጫው መንገድ ክፍት ነው፣ ዜና መግቢያው ተዘግቷል። ጦጣዋ ያንን እጅ ተወችው። ምግብ አታነሳበትም፣ ሽቦ አትይዝበትም፣ እንደ ዕቃ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሚገርመው፣ የአንጎሏን የእንቅስቃሴ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነኩት እጁ እንደ ደህና እጅ ይንቀሳቀሳል። መንገዱ አልተበላሸም፤ የሚጓዝበት ግን የለም።

ሁለቱ ሰዎች ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ፦ ስሜት ከሌለ በፈቃድ መንቀሳቀስ አይቻልም። ስሜት የእንቅስቃሴ ረዳት ሳይሆን ቅድመ ሁኔታው ነው።

ሲሰሙት ያሳምናል አይደል? ከሼሪንግተን ትልቅ ሐሳብ ጋርም ይሄዳል፤ እሱ የነርቭ ሥርዓትን ከሪፍሌክስ እየተነሳ ነው የሚገነባው፣ ግብዓት ከሌለ ውጤት የለም። ሙከራው ንጹሕ ነው፤ ሰውየው ሼሪንግተን ነው። ማን ይከራከራል? ግን የቤልን እናት አስታውሱ። ስሜት በሌለው እጅ ልጅ አቅፋ ነበር እኮ! መጽሐፉ ከታተመ 62 ዓመት ሆኖታል፣ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ።

በ1917 ደግሞ አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ አንድ ጀርባው ላይ በጥይት የተመታ ሰው አገኘ። ሰውየው ጉልበቱን ሌላ ሰው ሲያጥፍለትና ሲዘረጋለት፣ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ዓይኑ ተሸፍኖ «ይህን ያህል አንቀሳቅሰው» ሲባል ግን ከጤነኛ ሰው ብዙም ሳይርቅ ያንቀሳቅሳል። ከእግሩ ምንም ዜና አይመጣም፣ አንጎሉ ግን የላከውን ትዕዛዝ መጠን ያውቃል። ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ሆኖም የሼሪንግተን ጦጣ ከላሽሊ ሰውዬ በላይ ተሰማች። ይህ የሳይንስ ብቻ ጠባይ ነው አትበሉኝ፤ እኛም ጋ ቢሆን ትልቅ ሰው የተናገረውን ትንሽ ሰው ሲያርመው ማን ይሰማል?

ነገሩን የገለበጠው ኤድዋርድ ታውብ የሚባል፣ በሕክምና ሳይሆን በሳይኮሎጂ የሠለጠነ አሜሪካዊ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ያንኑ ሙከራ ደገመ። ጦጣዋ እንደተባለው እጇን ተወችው። እሱ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አደረገ፤ ደህናውን እጇን አሰረው። ምግቡ ፊቷ አለ፣ ርቧታል፣ ጤነኛ እጇ ታስሯል። በዚያ «ሞተ» በተባለው እጅ ማንሳት ጀመረች። አያያዙ ቅልጥፍና የለውም፣ ግን ያነሳል።

ከዚያም የባሰው መጣ። የሁለቱም እጆች የኋላ ስሮች ሲቆረጡ፣ ጦጣዎቹ በሁለቱም እጆቻቸው ይጠቀማሉ! ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ እጅ ስሜት ሲያጣ ይተዋል፤ ሁለቱ ሲያጡ ሁለቱም ይሠራሉ። ስሜት የፈቃድ እንቅስቃሴ ቅድመ ሁኔታ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛዋ ጦጣ ጉዳት እጥፍ በሆነ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ጦጣ አልቻለችም ሳይሆን፣ አልሞከረችም።

ለምን አልሞከረችም? የታውብ ማብራሪያ የሳይኮሎጂ ሰው ማብራሪያ ነው፤ ተምራ ነው የተወችው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ህብለ ሰረሰሩ በድንጋጤ ላይ ስለሆነ እጁ በእርግጥ አይሠራም። ጦጣዋ ትሞክራለች፣ ምግቡ ይወድቃል፤ ትሞክራለች፣ ራሷ ትወድቃለች። በሌላው እጇ ስትሞክር ይሳካላታል። አንጎል ደግሞ የተሳካውን ይይዛል፣ ያልተሳካውን ይጥላል። ከጊዜ በኋላ ህብለ ሰረሰሩ አገግሞ እጁ መሥራት ሲችል፣ ጦጣዋ መሥራት እንደሚችል የምታውቅበት አጋጣሚ የለም፤ መሞከር ካቆመች ቆይታለች። ታውብ ይህን «የተለመደ አለመጠቀም» ብሎ ጠራው። ደህናው እጅ አንድ ሁለት ቀን ታስሮ ቢፈታ ወደ ድሮዋ ትመለሳለች፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲታሰር ግን አዲሱ ልማድ ይጸናል።

የልጁ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። የእኚያ እናት እጅ በስትሮኩ የመጀመሪያ ሳምንታት በእርግጥ አልሠራም። ሞከሩ፣ ብርጭቆ ወደቀ። ሞከሩ፣ ሾርባ ተደፋ። በቀኛቸው ሲያደርጉት ሆነ። አሁን ግራው ከፊል ጉልበቱ ተመልሷል፣ ትዕዛዝ የሚልክለት ግን የለም። አንተ ስታዛቸው የሚያነሱት አንተ ስላዘዝካቸው ነው።

ወደ ሕክምናው ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ የማይዘለል ነገር አለ። በ1981 ታውብ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለ ከተማ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ፣ በበጎ ፈቃደኛነት የገባ አንድ የእንስሳት መብት ተሟጋች የጦጣዎቹን አያያዝ ፎቶ አንስቶ ለፖሊስ ሰጠ። ፖሊስ ገብቶ 17 ጦጣዎችን ወሰደ። ታውብ ተከሰሰ፣ መጀመሪያ ተፈረደበት፣ በይግባኝ ግን ፍርዱ ተሻረ። የተሻረውም የግዛቱ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄድ ምርምርን አይመለከትም ተብሎ ነው። ጉዳዩ አሜሪካ በ1985 የእንስሳት ደኅንነት ሕጓን እንድታጠብቅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ሆነ። ይህን ለተማሪ ሳስተምር አንዱ ወገን «ሳይንስ ነው፣ ዋጋ ይከፈላል» ይላል፣ ሌላው «በጭካኔ የተገኘ እውቀት ይቅርብን» ይላል። እኔ የማስበው እንዲህ ነው፦ እውቀቱ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው አያያዝ ግን ለእውቀቱ አያስፈልግም ነበር። ቆሻሻ ጎጆ ማንንም ምንም አላስተማረም። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ታውብ ለዓመታት ከሥራ ርቆ ቆይቶ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ሄደና ሐሳቡን ወደ ሰዎች አመጣው። ሕክምናው ሲነገር ቀላል ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ደህናው እጁ ላይ ወፍራም ጓንት ይደረግለታል፤ ነቅቶ በሚቆይበት ሰዓት አብዛኛውን እንዳያወልቀው ይደረጋል። በሥራ ቀናት ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በቀን እስከ 6 ሰዓት፣ በደካማው እጅ ይለማመዳል፤ ኩባያ ማንሳት፣ ቁልፍ ማዞር፣ መጽሐፍ መግለጥ። በ2006 በአሜሪካ 7 ማዕከላት ውስጥ 222 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ታተመ፤ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ነበሩ። በዚህ መንገድ የታከሙት ከሌሎቹ ይልቅ እጃቸውን የበለጠ መጠቀም ቻሉ፣ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥናቱ ውስጥ የገቡት የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ትንሽም ቢሆን ወደ ላይ ማንሳት የሚችሉ ናቸው። ጭራሽ ለማይንቀሳቀስ እጅ አይደለም። ደግሞ ቤት ውስጥ የእናታችሁን ደህና እጅ በነጠላ እንዳታስሩብኝ! ሰው ሚዛኑን ሲስት የሚደገፈው በእሱ ነው፤ በባለሙያ ይሁን።

እኛ አገር ይህ ታሪክ ለየት ያለ ክብደት አለው ብዬ አስባለሁ። ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሲታመም እንዴት እንደምናስታምም ታውቃላችሁ። «አይዞሽ እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» እንላለን። ልብሱን እናለብሳለን፣ ውኃውን አፋቸው ድረስ እናደርሳለን፣ እንጀራውን እያጎረስን እናበላለን። ይህን የማያደርግ ልጅ ሰፈር ውስጥ ስሙ ይነሳል። ፍቅር ነው፣ ክብር ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ግን በታውብ ዓይን ካየነው፣ ያ እጅ አንዴም እንዳይሞከር አድርገን በፍቅር አስረነዋል። ከተማሪዎቼ አንዷ አንድ ጊዜ የነገረችኝ ዘዴ ደስ ይለኛል፤ የታማሚውን ቤተሰብ «አታጉርሱ» አትልም፤ ይጣሏታላ። «ከሦስቱ ጉርሻ አንዱን እሳቸው ያጉርሷችሁ፣ በታመመው እጃቸው» ትላቸዋለች። አያት ልጅ ልጇን ስታጎርስ ደግሞ እምቢ አትልም።

ከሁለቱ፣ ከሼሪንግተንና ከታውብ፣ ማን እንደረታ ካሰባችሁ ገና ነው። ሼሪንግተን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። ስሜት አልባ እጅ ይንቀሳቀሳል ማለት ደህና እጅ ነው ማለት አይደለምና። ይህን በሰው ላይ ያሳየን ኢያን ዋተርማን የሚባል እንግሊዛዊ ነው።

ዋተርማን በ1971 የ19 ዓመት ወጣት ሥጋ ሻጭ ነበር፣ ጀርሲ ደሴት ላይ። ጉንፋን መሰል በሽታ ያዘው፤ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን አጠቃ። ከአንገቱ በታች የመነካካትም ሆነ የአካል አቀማመጥ ስሜት የሚያመላልሱት ነርቮች ጠፉ። ሕመምና ሙቀት ይሰማዋል። ጡንቻዎቹም ትዕዛዝ ይደርሳቸዋል። ግን አልጋ ላይ ተኝቶ እጁን አንሳ ሲባል እጁ ወዴት እንደሚሄድ አያውቀውም፤ ሳያስበው ተነስቶ ፊቱን ሊመታው ይችላል። እንደማይሄድ ነገሩት።

እሱ ግን በዓይኑ ተማረ። እያንዳንዱን ጡንቻ እያሰበ፣ እያየ። መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መብላት፤ መራመድ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደበት። ሥራ ያዘ፣ መኪና ነዳ። ለማያውቀው ሰው ደህና ሰው ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን መሬት ላይ ይወድቃል፤ መብራት እስኪመጣም መነሳት አይችልም። (እኛ ሰፈር ቢኖር ኑሮው እንዴት ይሆን ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ።) ሐኪሙ ጆናታን ኮል በ1991 ስለ እሱ መጽሐፍ ጽፏል። ቀላል እንቅስቃሴ ከዓመታት ልምምድ በኋላም ሐሳቡን ይፈልጋል፤ ለእኛ በነጻ የሚመጣውን እሱ በየደቂቃው ይከፍልበታል። የቤል እናት ከ140 ዓመት በኋላ ተመለሰች ማለት ነው፤ ይዞ ለመቆየት ማየት፣ ማሰብ።

እዚህ ላይ ነው ልማድ የሚባለው ነገር የሚገባው። እንጀራ የምትጋግር ሴት አይታችኋል። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል ስታመጣው፣ ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ነው። ክንዷን አታስበውም። «እጇ ለምዶታል» እንላለን። ግን እጅ አይለምድም፤ የሚለምደው አንጎል ነው፤ እሱም ነገር የምናስታውስበት ክፍል ብቻ አይደለም። ይህን ያሳየችው ብሬንዳ ሚልነር ናት። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1953 ለሚጥል በሽታው ተብሎ በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ሚልነር እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል ሰጠችው። ሞክሩት፤ መስተዋት ውስጥ እያያችሁ ስትስሉ እጃችሁ ተቃራኒ ይሄዳል፣ ያበሳጫል። ሞላይሰን በሦስት ቀን ውስጥ እየተሻሻለ ሄዶ ጎበዝ ሆነ። በየቀኑ ሲመጣ ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አያስታውስም። እጁ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም።

አንጎል የሚማረው ምንድነው የሚለውን ደግሞ በ1994 ሬዛ ሻድመርና ፈርዲናንዶ ሙሳ-ኢቫልዲ ኤምአይቲ ውስጥ ደስ በሚል ሙከራ አሳዩ። ሰዎች የሮቦት እጀታ ይዘው ከነጥብ ወደ ነጥብ ይሄዳሉ፤ ሮቦቱ ሲንቀሳቀሱ ወደ ጎን ይገፋቸዋል። መጀመሪያ መንገዳቸው ይጠማዘዛል። ብዙ መቶ ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ግፊቱ እያለም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ሳይነግሯቸው ግፊቱን ያጠፉታል። እጃቸው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ተቃራኒው ጎን ይጠማዘዛል። ስለዚህ የተማሩት ክንዳቸውን ማደንደን አይደለም፤ አንጎላቸው ግፊቱን አስቀድሞ ገምቶ መልሱን ከትዕዛዙ ጋር አብሮ እየላከ ነበር። ስሜቱ የሚያገለግለው ግምቱን ለማረም ነው። ላሽሊ በ1917 ያየው እግር ያለ ዜና መንቀሳቀስ የቻለውም ግምቱ ስላለ ነው። ግምቱን የሚያርምለት ግን የለም።

አንጎል የጡንቻን ዜና ምን ያህል እንደሚያምን ለማየት ከፈለጋችሁ፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ጉድዊን፣ ማክሎስኪና ማቲውስ በ1972 ያደረጉት ሙከራ አለ። ዓይኑን የሸፈነ ሰው የክንዱ የፊት ጡንቻ ጅማት ላይ ንዝረት ያደርጉለታል። ንዝረቱ እንዝርቶቹን ያታልላቸዋል፤ «ተለጠጥኩ» ብለው ይልካሉ። ሰውየው ክንዱ የተዘረጋ ይመስለዋል፣ ክንዱ ግን ያለበት አለ። እስከዚያ ዘመን ብዙዎች አቀማመጥን የሚነግረን መገጣጠሚያው ነው፣ ጡንቻ ዝም ይላል ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ጡንቻ ቦታውን አስመለሰ። በ1988 ደግሞ ጄምስ ላክነር ይህንኑ ሰዎች የአፍንጫቸውን ጫፍ ይዘው እያለ አደረገው። ክንዱ እየተዘረጋ ነው፣ ጣቱ አፍንጫውን አልለቀቀም፤ ታዲያ አንጎል እንዴት ያስታርቀው? አፍንጫቸው ሲረዝም ተሰማቸው! አንዳንዶቹ ብዙ ጣት ያህል።

የመጨረሻው ክፍል ቅርብ ነው። በ2010 አርደም ፓታፑቲያን የሚመራው ቡድን ሲገፉ የሚከፈቱ፣ ፒየዞ የተባሉ ፕሮቲኖችን አገኘ፤ ሰውየው በ2021 ኖቤል ተሸለመበት። ከእነሱ አንዱ፣ ፒየዞ 2፣ እንዝርት ላይ በተጠቀለለው የነርቭ ጫፍ ላይ ያለ በር ነው፤ መለጠጥን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እሱ ነው። በ2016 አሌክሳንደር ቼስለርና ካርስተን በነማን በአሜሪካ የጤና ተቋም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ከልደታቸው ጀምሮ የማይሠራባቸውን አንዲት የ9 ዓመት ልጅና አንዲት የ19 ዓመት ወጣት መረመሩ። ዓይናቸው ሲከፈት ጣታቸውን ከራሳቸው አፍንጫ ወደ ሐኪሙ ጣት በትክክል ያደርሳሉ። ሲሸፈን ጣቱ ቦታውን ይስታል። ሐኪሙ ጣታቸውን ይዞ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሲያንቀሳቅሰው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ዓይናቸው ተሸፍኖ መራመድ አይሆንላቸውም፣ መራመድ የጀመሩትም ከሌሎች ልጆች ዘግይተው ነው። ዋተርማን የጠፋበትን ያውቅ ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ኖሯቸው አያውቅም። ዓይናቸው ሲከፈት ግን ይሄዳሉ።